«አክዩመን»፦ ስለ አንድ የተሳለ ቃል

የጥሪ ወረቀቱ «አክዩመን የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አገባብ» ይላል። አገባቡ ጋ እደርሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ቢላዋ ላውራ።

እናቴ ቢላዋ የምትስለው በሲኒ ቂጥ ነበር። ሲኒዋን ገልብጣ፣ በሻካራው ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው የሚወጣው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። (ስትስቁ አያለሁ፤ እናንተም ቤት ሞረድ አልነበረም ማለት ነው!) ቢላዋው እምቢ ሲላት «ደነዘ» ትላለች። ሒሳብ እምቢ ሲለኝ ለእኔም የምታወጣልኝ ስም ያው ነበር፦ ደነዝ።

ይህን ነገር ዕድሜ ልኬን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አልተውኩትም። አማርኛ ነገር ለማይገባው ሰው የመሣሪያ ቤቱን ከፍቶ ይሰጠዋል፦ ደነዝ፣ ዱልዱም፣ ዶማ። ለሚገባው ግን ከስለት ይልቅ ብርሃን ይመርጥለታል፤ ብሩህ ይለዋል። ወይም ልብ ይጨምርለታል፤ ልባም፣ ልበ ብርሃን። «የሰላ» የምንለው ይበልጡን ምላስንና ሂስን ነው። ስለታም ሰው መጣ ቢሉኝ፣ እኔ በበኩሌ ወንበሬን ራቅ አደርጋለሁ።

ላቲኖቹ አልራቁም። መርፌን «አኩስ»፣ መሳልን «አኩዌሬ» ብለው፣ የሾለውን ጫፍ «አኩመን» አሉት፤ የአእምሮንም ስለት በዚያው ቃል ጠሩት። እንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዘመን እንዳለ ወሰደው። በመርፌ የሚያክመው አኩፓንክቸር ዘመዱ ነው። «አኪዩቲ»ም እንዲሁ፤ የሆላንዱ ሐኪም ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው የፊደል ሰሌዳ ፊት አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የምትለኩት የዓይን ጥራት ስሙ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ የሥራ ማስታወቂያ እንድተረጉም ተሰጠኝ። «ቢዝነስ አክዩመን» የሚለውን ቸኩዬ «የንግድ ብልጠት» አልኩት። በማግስቱ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ የፈለግነው ሥራ አስኪያጅ ነው ወይስ አጭበርባሪ?» ልክ ነበረች። ብልህና ብልጥ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ከብልጥ ጋር ስንገበያይ ግን ኪሳችንን እንይዛለን። ለብልጡ የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቃል «ሽሩድ» ነው፤ እሱም ጥንት ክፉ ማለት ነበር፣ ሙገሳ የሆነው ኋላ ነው። አክዩመን ውስጥ ማታለል የለም።

ሰዓት ጠባቂው ቆሟል፤ አገባቡን በሩጫ ልበል። ስም ነው፤ በብዙ ቁጥር አይለመድም። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሙያ ይፈልጋል፦ የንግድ፣ የፖለቲካ፣ የሕግ። ፈተና ስለ ደፈነ ልጅ አይባልም፤ ገበያው ሳይዞር መዞሩን ለሚያውቅ ነጋዴ ይባላል። ሲነበብ ጫናውን አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀለም፣ አንዳንዱ በሁለተኛው ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱም ያስኬዳል።

ማስታወቂያውን «የንግድ አስተዋይነት» ብዬ አርሜ መለስኩ። የተሻለ ያላችሁ በጥሪ ወረቀታችሁ ጀርባ ጻፉልኝ፤ በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ።