በአነስተኛ የሥራ ተቋራጭ ድርጅቶች የሠራተኛን አቤቱታ ስለ መስማት



ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ከተመረቀ፣ ይልቁንም በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተቋቁሞ ርእሰ ከተማው ከሆነች ወዲህ፣ አዲስ ሕንጻ ሳይጀመርባት የሚያልፍ ወቅት የለም። ከእነዚህ ሕንጻዎች ብዙዎቹን የሚያቆሙት ስማቸው የገነነ ታላላቅ ድርጅቶች ሳይሆኑ፣ ጥቂት ቋሚ ሠራተኞችን ይዘው የቀረውን ጉልበት በቀን ሒሳብ የሚቀጥሩ አነስተኛ ሥራ ተቋራጮች ናቸው። የዚህ ንግግር ጉዳይም በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ የሠራተኛ አቤቱታ የሚሰማበት መንገድ ነው።

በትልቅ ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ክፍል አለ፤ የሠራተኛ ማኅበርም ሊኖር ይችላል። በአነስተኛው ድርጅት ግን ባለቤቱ ራሱ መሐንዲስ፣ ራሱ ገንዘብ ከፋይ፣ ራሱም ዳኛ ነው። ፎርማኑ ብዙ ጊዜ ዘመዱ ወይም የቆየ ባልንጀራው ነው። ፌራዮው ወይም የቀን ሠራተኛው ሰዓት ቢጎድልበት የሚያመለክተው ሰዓቱን ላጎደለበት ለዚያው ፎርማን ይሆናል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም በባለቤቱ ዘንድ እንደ ሰላም ይቆጠራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ያ ዝምታ የሚፈነዳው ድርጅቱ ሠራተኛውን አብልጦ በሚፈልግበት በአርማታ ሙሌት ቀን ነው። ወለሉ በግማሽ ተሞልቶ ሳለ ሠራተኛው አካፋውን ጥሎ ቢወጣ፣ አርማታው ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ በደረቀውና በአዲሱ አርማታ መካከል የሚፈጠረው ደካማ መጋጠሚያም ጠቡ ከተረሳ በኋላ በሕንጻው ውስጥ ይኖራል።

የጠቡ መነሻ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። በቀን 400 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንደ ምሳሌ ቢወሰድ፣ የአንድ ሰዓት ዋጋው 50 ብር፣ የትርፍ ሰዓቱ ደግሞ 75 ብር ነው። በሙሌት ቀን 3 ሰዓት ካመሸ 225 ብር ይገባዋል። ፎርማኑ በመደበኛው ሒሳብ 150 ብር ቢጽፍለት 75 ብር ጎደለበት ማለት ነው። በወር ውስጥ 4 ምሽት ያመሹ 10 ሠራተኞች ቢኖሩ፣ ጉድለቱ በጠቅላላው 3,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ምክንያት የአንድ ወለል ሙሌት እንዲቋረጥበት አስቦ የሚወስን ተቋራጭ የለም፤ የሚቋረጥበት አቤቱታውን በጊዜው ስላልሰማ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት መዝገብ ነው። አዋጁ አሠሪው የክፍያ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው እንዲፈርምበት ያዛል፤ ደመወዙም ለራሱ ለሠራተኛው ወይም እርሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ይደነግጋል። የብዙ ሰው ደመወዝ ለአንድ ካፖ በጥቅል ተሰጥቶ በእያንዳንዱ እጅ ምን እንደ ደረሰ የማይታወቅበት ልማድ የአቤቱታ ምንጭ ነው። የዕለቱ ሰዓት በዕለቱ ማታ ለሠራተኛው ተነቦለት ቢፈርም፣ በክፍያ ቀን የሚነሣው ጠብ ገና ሳይጀመር ይቀራል።

ሁለተኛው መድኃኒት ከፎርማኑ ሌላ የሚሰማ ጆሮ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ትርጉሙ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ከውሳኔ በፊት መሰማማት የሥርዓቱ መሠረት ነው። ይህ ሥርዓት ባለበት አገር ሕንጻ የሚያቆም ተቋራጭ ማንንም ሳይሰማ ወር ቢያሳልፍ የሚያሳፍር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከክፍያ በፊት፣ ባለቤቱ ወይም ጉዳዩ የማይነካው ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢሰማ፤ አቤቱታ አቅራቢው ባልደረባውን አስከትሎ በሲዳምኛም ሆነ በወላይትኛ በሚቀናው ቋንቋ ቢናገር፤ መልሱም በሦስት ቀን ውስጥ ቢሰጠው፣ አዲስ ክፍል ማቋቋም አያስፈልግም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ያወጣው ቁጥር 130 የውሳኔ ሐሳብም አቤቱታ በተቻለ መጠን በድርጅቱ ውስጥ እንዲያልቅ፣ አቅራቢውም በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ይመክራል። ተናግሮ በማግስቱ «ሥራ የለም» የተባለ አንድ ሰው ካለ፣ ከእርሱ በኋላ ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም።

ባለቤቶች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ክፍያ ሲያዘገይ ደመወዙ ከየት ይምጣ ይላሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የደመወዝን ግዴታ አያስቀርም። ቢያንስ ምክንያቱንና የሚከፈልበትን ቀን ለሠራተኛው በግልጽ መንገር ይገባል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ የሚያደባ ተቋራጭ ግን ገንዘቡን ቢያተርፍ ጥሩ ግንበኛውን ያጣል።

በመጨረሻ ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። አዋጁ ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው ወዲያው እንዲያስታውቅ ግዴታ ጥሎበታል። «መወጣጫው ይነቃነቃል» የሚለውን ቃል መሐንዲሱ ከመስማቱ በፊት የሚያውቀው በላዩ የሚቆመው ግንበኛ ነው። ነገር ግን ስለ ሦስት ሰዓት ሒሳብ ተናግሮ የተሰደበ ሰው ስለ መወጣጫው አይናገርም። በቅዳሜው ወንበር ላይ ተቀምጦ የ75 ብሩን አቤቱታ በትዕግሥት የሰማ ባለቤት፣ በሰኞው ማለዳ ስለ ሰው ሕይወት የሚነገረውንም ለመስማት በቅቷል።