ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመርጡ ልጆቻችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ በጸሐፊው የተነበበ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መራጮች ምዝገባ ነው። እገሌን ምረጡ ልንል አልተነሣንም። እኛን ያገናኘን ለቅሶና ሠርግ እንጂ ፓርቲ አይደለም።

የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ በአገራችን ሲደረግ፣ ለመምረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 እንደሚለው፣ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ወንድ ሴት ሳይባል ይመርጣል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ዕድሜያችሁ ያልደረሰ ልጆች፣ 18 ከሞላችሁ ተራው የእናንተ ነው።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን አያስመርጥም። ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት ቢሰለፍ ባዶ እጁን ይመለሳል። የምክር ቤት ዘመን 5 ዓመት ስለሆነ ያመለጠው ብዙ ይጠብቃል።

ከገጠር መጥታችሁ ዳንግላ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ «እኛ እንግዳ ነን» ብላችሁ አትቅሩ። በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ ዜጋ እዚሁ ይመዘገባል። ሁለት ቦታ መመዝገብ ግን ክልክል ነው። መታወቂያ የሌላችሁም የምዝገባው ሰሞን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ከአሁኑ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። አከራዮችና አሠሪዎች ደግሞ ለዚህ የሚሆን ግማሽ ቀን አትንፈጓቸው።

ወላጆችም እናስተውል። አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ ካርድ አያወጣም፤ ሁሉም ራሱ ይመዘገባል። «እኔ ያልኩህን ምረጥ» ማለትም ይቅር። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። ልጅን መምከር ያባት ነው፤ ምርጫው ግን የልጁ ነው።

ልጆች፣ ካርዳችሁን አትጣሉ፣ ለማንም አትስጡ። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ጠይቁ፤ ስለ ውኃውም ስለ ሥራውም ምን እንደሚሉ ስሙ። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ሲያልቅ ውጤቱ ይለጠፋልና ሄዳችሁ አንብቡ።

የምዝገባው ቀን በምርጫ ቦርድ ሲነገር በዚሁ ሰሌዳ እንለጥፋለን። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት፤ አዊኛ ለሚቀናው በአዊኛ ይነገረው። ጎረቤት ለጎረቤት ይንገር።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ዳንግላ