ስጦታና ዕዳ

(በሮቤ በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው መከራከሪያችን «ታላላቅ ኩባንያዎች ለተፈጥሮ ጥበቃ የሚሰጡት ገንዘብ በቂ ነውን?» የሚል ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተመረጠ አይደለም። አንድ ኩባንያ ለመጪው ክረምት ችግኝና ስሙ የታተመበት ካናቴራ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ማኅበራችን የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት ወይስ አይጻፍለት የሚለው ጉዳይ በሚመጣው ስብሰባ ይወሰናል። ስለዚህ ዛሬ በአፋችን የምንናገረውን ነገ በእጃችን እንፈርምበታለን።

በመጀመሪያ ልግስና በምን እንደሚለካ እንስማማ። በዚህ በባሌ ምድር ቡሳ ጎኖፋ የሚባለውን የመረዳጃ ልማድ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ድርቅ ወይም እሳት ከብቱን የጨረሰበት ሰው ሲኖር ጎረቤቱ ሁሉ እንደ አቅሙ ያዋጣለታል። «እንደ አቅሙ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። መንጋው ሜዳ የሞላለት ሰው አንዲት ጥጃ ሰጥቶ ቢሄድ፥ ከሁለት ላሞቹ አንዷን ከሰጠው ድኻ እኩል አይመሰገንም። አስተዋይ ሰው የሚያየው የተሰጠውን ብቻ ሳይሆን በበረት የቀረውንም ነው። የኩባንያንም ስጦታ በዚሁ ሚዛን እንየው።

ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «ገበታ ለሸገር» የተባለው የራት ግብዣ ተደረገ። የአንዱ ገበታ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ሲሆን፥ ገንዘቡ የከተማይቱን የወንዝ ዳርቻዎች ለማልማት የታሰበ ነበር። ባለሀብቶችና ድርጅቶች ከፍለው ተቀመጡ። ሥራው መልካም ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ እናንሣ።

አንደኛው፥ ከዚህ ገንዘብ የሰጪው ድርሻ ስንት ነው? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የኩባንያን የትርፍ ግብር 30 በመቶ አድርጎ፥ ለበጎ አድራጎትና ለመንግሥት የልማት ጥሪ የተሰጠ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። እንግዲህ እናስላው። በዚህ ወሰን ውስጥ 5 ሚሊዮን ብር የሰጠ ኩባንያ፥ ባይሰጥ ኖሮ 1.5 ሚሊዮኑን በግብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ ከራሱ ኪስ የወጣው 3.5 ሚሊዮን ነው፤ የቀረውን የሰጠው ሕዝቡ ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን ኩባንያው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፥ ወንዙን ያቆሸሸው ማን ነው? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፥ የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። በዚያ ገበታ የተቀመጠ ሁሉ በካይ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚለቅ ማንኛውም ፋብሪካ ለወንዙ ገንዘብ ቢሰጥ ከዕዳው ከፊሉን ከፈለ እንጂ አልለገሰም። በከብቱ የሰውን ማሳ ያስበላ ሰው አንድ ቁና እህል ይዞ ቢመጣ «እንዴት ያለ ቸር ነው!» የሚለው ማን ነው?

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ለበጎ አድራጎት የሚሰጡት ሁሉ ቢደመር ከግብር በፊት ከሚያገኙት ትርፍ 1 በመቶ አካባቢ ነው። በዚያች አገር ግለሰቡም ድርጅቱም ከሚሰጠው ጠቅላላ ስጦታ ለተፈጥሮና ለእንስሳት ጥበቃ የሚደርሰው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ደጋ እንመለስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውኃ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣል። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብም የሚሠራው በገናሌ ወንዝ ነው። በዚያ መብራት መኪናውን የሚያዞር ፋብሪካ ሁሉ ከዚህ ደንና ከዚህ ረግረግ አንድ ነገር ወስዷል።

ይህን ደጋ የሚጠብቀው ግን የአንድ ቀን ሆታ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ፥ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። መከላከያው የታወቀ ነው፤ የመንደር ውሾችን መከተብ ነው። ሆኖም ቡችላ በየጊዜው ስለሚወለድ ሥራው በየዓመቱ መደገም አለበት። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ሳይቋረጥ የሚመጣ መጠነኛ ገንዘብ ይበልጣል። ውሻ ሲከተብ ግን የሚያጨበጭብ የለም፤ ችግኝ ሲተከል ሁሉም ያጨበጭባል። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው፤ የሚሞተው በጥር ነው።

ተቃራኒዎቼ «ይህን ያህል ከመረመርናቸው መስጠቱን ጭራሹን ይተዉታል» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። ምጽዋት ቢቀር የሚጎዳን የሚገባንን ስላላገኘን ነው። በ1999 ዓ.ም. አገራችን ከስታርባክስ ጋር ስለ ሲዳሞ፥ ስለ ሐረርና ስለ ይርጋ ጨፌ ቡና ስም ተከራክራ ስትስማማ የጠየቀችው ምጽዋት አልነበረም፤ የስሙን ባለቤትነት ነበር። በሐረና ደን ጥላ ሥር ቡና የሚለቅመውም ገበሬ ተገቢ ዋጋ ቢያገኝ ዛፉን የሚቆርጥበት ምክንያት ይቀንሳል። ከመቶ የችግኝ ሰልፍ ይልቅ ደኑን የሚጠብቀው ይህ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፥ የሚሰጡት በቂ አይደለም የሚል ነው። ገንዘቡን እጥፍ ቢያደርጉትም ዕዳው ሳይከፈል ስጦታ ተብሎ አይጠራ።

ይሁን እንጂ ችግኙን እንመልስ አልልም፤ መሬቱ ይፈልገዋል። ደብዳቤውንም እንጻፍ። ከምስጋናው በታች ግን ሦስት ጥያቄ እንጨምርበት፦ የፋብሪካችሁ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ለችግኙ ጠባቂ እስከ ስንት ዓመት ደመወዝ ትከፍላላችሁ? ስጦታው ከትርፋችሁ ስንት በመቶ ነው? በቅንነት ከመለሱልን የምስጋናውን ደብዳቤ በዋናው በር ላይ ራሴ እለጥፈዋለሁ። ዝም ካሉም ዝምታው ራሱ መልስ ነውና ካናቴራውን ሳንለብስ በራሳችን ልብስ እንተክላለን።