ሽቦ፣ ቆርኪና የበዓል ልብስ፦ የ1970ዎቹ ልጅነት በትዝታ ውስጥ

ትዝታ በአማርኛ ሦስት ነገር ነው፦ ያለፈን ነገር ማስታወስ፣ ማስታወሱ የሚያሳድረው ስሜት፣ እንዲሁም ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ለኔ ጋር የሚቆጠረው ቅኝት። ቃሉ የተገኘበት ግስ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። «ትዝ አለኝ» በሚለው አነጋገር አድራጊው የታወሰው ነገር ነው፤ አስታዋሹ ሰው ተቀባይ ሆኖ በግሱ ጫፍ ላይ በ«ኝ» ይንጠለጠላል። «ናፈቀኝ»ም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። እንደ ቋንቋው አካሄድ ልጅነት ተፈልጎ አይገኝም፤ ሳይጠራ ይመጣል። የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ በዕቃ ላይ ተሳፍሮ ነው፦ በቆርኪ፣ በሽቦ፣ በአዲስ ሸራ ጫማ የጎማ ሽታ።

ፈረንጆች ለዚህ ስሜት የሰጡት ስም የመጣው ከሕክምና ነው። ዮሐንስ ሆፈር እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊዘርላንድ ባዝል ባቀረበው የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከቤታቸው የራቁ ወጣቶችን የሚያመነምነውን ሕመም «ኖስታልጂያ» ብሎ ሰየመው። ቃሉን የገጠመው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ አንዱ ወደ ቤት መመለስን፣ ሌላው ሕመምን ይገልጻል። መድኃኒቱም በስሙ ውስጥ አለ፦ በሽተኛውን ወደ አገሩ መመለስ። በኋላ ዘመን ቃሉ ከቦታ ወደ ጊዜ ተሻገረ፤ ያለፈ ዘመን ደግሞ የመመለሻ መንገድ የለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋይልድሹትና ሴዲኪደስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ወደ ትዝታ የሚሳቡት በተለይ ብቸኝነትና ክፉ ስሜት ሲጫናቸው መሆኑን፣ ከትዝታው በኋላም ከሰው ጋር የመተሳሰር ስሜታቸው እንደሚጠነክር አሳይተዋል። ከአገር የራቁ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ናፍቆት አንድ ላይ ይሸከማሉ። ከ1970ዎቹ ልጆች ብዙዎች በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተሰደዋል፤ የቤተ እስራኤል ልጆች በ1977ቱ ዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983ቱ ዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ገብተዋል። ለእነርሱ የመጫወቻው ሜዳ በዘመንም በቦታም ርቋል።

የዚህ ዲስኩር ጉዳይ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በከተማ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ያደጉ ልጆች መጫወቻና አለባበስ ነው። ዘመኑ ከባድ ነበር። ቀይ ሽብር፣ ጦርነት፣ የ1977ቱ ድርቅና ረሃብ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ናቸው፤ ብዙ ቤት ልጁን፣ አባቱን ወይም ወንድሙን አጥቷል። ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያስታውስ ሰው ሲገኝ ሌላው ይቆጣል፤ ቁጣውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ የልጅነት ትዝታ ዕድሜን ይከተላል እንጂ ዘመን አይመርጥም። ያንኑ ዓመት አባት በሐዘን ልጅ በጨዋታ ያስታውሱታል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

የዘመኑ ኢኮኖሚ ግን በመጫወቻው ላይ ማህተሙን አሳርፏል። ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰዋል፤ የውጭ ምንዛሪ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒትና ለጦር ዕቃ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በዚህ መሐል ለአሻንጉሊት የሚተርፍ ዶላር አይታሰብም። ቤተሰብ የሚቆመው በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ወረፋ ለስኳርና ለሳሙና ነው። ስለዚህ የዚያ ትውልድ ልጅ መጫወቻውን ከመግዛት ይልቅ ይሠራው ነበር። የዚህ ዲስኩር ዋና ነገርም በዚህ አንድ ግስ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ሃምሳዎቹን የያዘ ሰው ስለ ልጅነት መጫወቻው ሲጠየቅ ስለ ዕቃው መልክ ጥቂት ይናገርና ወደ አሠራሩ ይሻገራል፤ እጆቹም አብረው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

የኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ ቀደም ብሎ የተመራማሪ ዓይን አግኝቷል። ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጋር ጎንደር የቆየው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት ጽፏል። ገበጣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ስለሚፈለፈል ከተጫዋቹ በኋላ ይኖራል። የሽቦ መኪና ግን የሠራው ልጅ ሳያድግ ይፈርሳል፤ ሽቦውም ለሌላ መኪና ይሆናል። ስለዚህ ስለ አሠራሩ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ሽቦው የሚገኘው ግንባታ ካለበት ነው። ብረት ማሰሪያው ጥቁር ሽቦ ለስላሳና ታዛዥ በመሆኑ ይመረጣል፤ የአጥር ሽቦ ጠንካራ ነው፤ የመብራት ሽቦ ፕላስቲኩ ተልጦ ለማስጌጫ ይሆናል። መጀመሪያ ሽቦው ይቃናል። አንዱ ጫፍ በር ማጠፊያ ላይ ይታሰርና ይጎተታል፣ አለዚያም በድንጋይ ላይ ተጋድሞ በሌላ ድንጋይ ይቀጠቀጣል። ፒንሳ ያለው ልጅ የሰፈሩ ባለሙያ ነው፤ የሌለው በጥርሱ ይሠራል። ከዚያ ሻንሲው ይወጣል፦ ሁለት ትይዩ ረጃጅም ሽቦዎች በአጫጭሮች ተያይዘው መሰላል ይመስላሉ። በላዩ ጋቢናውና ካሶኒው ይቆማሉ። ጎማው ከቆርኪ፣ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ወይም ክብ ሆኖ ከተቆረጠ አሮጌ የነጠላ ጫማ ሶል ይሠራል። የሶሉ ጎማ ድምፅ አያሰማም፣ ድንጋይ ላይም አይዘልም፤ ቁልቁለት ለሚወዱ ልጆች ተመራጭ ነው። የቆርቆሮው አካል ከሰርዲን ጣሳ ይወጣል፤ በዚህ አዳራሽ ካሉት አንጋፎች የጣሳው ጠርዝ ጣቱን ያልቆረጠው ጥቂት ይሆናል።

የፈጠራው ልብ መሪው ነው። የኋላው የጎማ ዘንግ በሁለት ቀለበት ከሻንሲው ጋር ስለሚታሰር አይዞርም። የፊተኛው ግን በመሐሉ በአንድ ቀለበት ብቻ ይያዛል። ከዚያው መሐል ረጅም ሽቦ ወይም ቀርከሃ ይነሣና በጋቢናው ጣሪያ ባለ ቀለበት አልፎ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ እስከ ልጁ ደረት ይደርሳል፤ ጫፉ በክብ ይታጠፋል። ክቡ ሲዞር ዘንጉ ከነጎማዎቹ ይዞራል። ይህ ባለ አራት እግር የፈረስ ጋሪ የሚታጠፍበት ዘዴ ነው። በእውነተኛ መኪና ሁለቱ የፊት ጎማዎች በየራሳቸው መታጠፊያ ይዞራሉ፤ በሽቦው መኪና ሁለቱም በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚሽከረከሩ ኩርባው ሲጠብ ይገለበጣል። መፍትሔው ካሶኒው ላይ አሸዋ መጫን ነበር፤ ክብደቱ ዝቅ ሲል መኪናው ይረጋል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን የሚማረው ደጋግሞ በመገልበጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለ ክብደት ማዕከል ከመስማቱ በፊት እጁ አውቆታል።

ሞዴሉ ከመንገዱ ይቀዳል። ከሁሉ የሚከበረው «ኤንትሬ» ነበር፤ ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው የጭነት መኪና በጣልያንኛው «ትሬ»፣ ማለትም ሦስት፣ ይጠራል። ከሠራዊቱ የምሥራቅ ጀርመኑ አይፋ ይቀዳል። ከታክሲዎች ትንሿ ሰይቼንቶና «ውይይት» ይታወቃሉ። ውይይት ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት የሚተያዩባት ታክሲ ናት፤ ስሟም ዘመኑ ከውይይት ክበብ ጋር ካስለመደው ቃል ጋር ይያያዛል። በሽቦ የተሠራች ውይይት ከኋላ ክፍት ናት፤ ሁለት አግዳሚዎቿ ከክብሪት ቀፎ ይወጣሉ።

ከመኪናው ጋር ቋንቋውም ወደ ልጆቹ ይገባል። ካሶኒ፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ፒንሳ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው፤ ከጋራዥ ወደ ሰፈር ወርደው በልጅ አፍ አማርኛ ሆነዋል። «ቸርኬ መንዳት» የሚባለው ጨዋታ ራሱ፣ የብረት ክብን በዱላ እየገፉ መሮጥ፣ ስሙን ያገኘው በጣልያንኛ ክብ ከሚለው ቃል ነው። ፍሪሲዮን በሽቦ መኪና ላይ የለም፤ ልጁ ግን ዳገት ላይ በአፉ ማርሽ ይቀይራል፣ ድምፁንም ያወፍራል። መንዳት በእግር መሮጥ ነው፤ ከጉለሌ እስከ ፒያሳ ጭነት ያደርሳል፣ ኬላ ላይ ይቆማል፣ ሰሌዳውን በካርቶን ይለጥፋል።

ሥራው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የሽቦ መኪና ከዛምቢያና ከዚምባብዌ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይሠራል፤ በማላዊ «ጋሊሞቶ» ይባላል፤ ካረን ሊን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1990 በዚሁ ስም የልጆች መጽሐፍ አሳትማለች። መኪና ባለበት፣ ሽቦ በተጣለበትና መጫወቻ እንደ ልብ በማይገዛበት ብዙ አገር ልጆች ወደ ተመሳሳይ መሪ ደርሰዋል። ዛሬ አንዳንድ የአፍሪካ ከተሞች የሽቦ መኪናን ለቱሪስት ይሸጣሉ። የተሸጠው መኪና ያማረና ቀጥ ያለ ነው፤ የገዛው ሰው ግን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አይነዳውም። የ1970ዎቹ ልጅም ቢገዛው ትዝታው በግማሽ ይቀራል፤ ሽቦውን ያቃናው ሌላ ሰው ነውና።

እስካሁን የተባለው የሚመለከተው በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ነው፤ ሽቦ የወንድ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሴቶች ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ሙሉ ቤት ያቋቁማሉ፦ ምድጃው ከሦስት ጠጠር፣ ወጡ ከቅጠል፣ እንግዳውም ከጎረቤት። አሻንጉሊቷ ከጨርቅ ቁራጭ ትጠቀለላለች፤ ፀጉሯ ከክር ይሆናል፤ ነጠላም ትለብሳለች። ሱዚ የሚዘለልበት ላስቲክ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ እስከ ብብት ይወጣል፤ ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ወይም በዱላ መሬት ላይ ይሠመራል፤ ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ይበቃዋል። እነዚህ ብዙ ዕቃ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉትም አብዛኛው እዚያው መሬት ላይ አለ።

ቆርኪ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ፔይንተር የፈጠራ መብቱን ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ ዛሬ የተለመደው ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። በልጅ እጅ ሲገባ ጎማ፣ ገንዘብ፣ የዳማ ጠጠርና ሜዳሊያ ይሆናል። በድንጋይ ተቀጥቅጦ ሲሳሳና ሁለት ቀዳዳ ሲበሳ፣ ክር ሲገባበትና ሲሳብ ሲለቀቅ እንደ ንብ እያለ ይሽከረከራል። ቀጥሎ ብይ አለ፤ በኪስ ውስጥ የሚንኳኳ ሀብት ነው። የጨርቅ ኳስ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችበት ዝና በየሰፈሩ የቀጠለው በዚህ ኳስ ነው። መጫወቻው ወቅትም አለው፦ ነሐሴ ላይ ለቡሄ ከልጥ ጅራፍ ይገመዳል፣ ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ይሳላል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ የልጆቹን ሰዓት በተረት ሞልተዋል፤ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ግን ጥቂት ስለነበር የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ይገቡ ነበር።

አለባበሱ በአጭሩ ይታያል። የሕፃን ልብስ የዓመት በዓል ጉዳይ ነው፤ ልብሱ «እንዲያድግበት» ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፣ እጅጌው ይታጠፋል። ልኩ በደረሰ ጊዜ ልብሱ ያረጃል፤ ካላረጀ ለታናሹ ይወርዳል። የ1960ዎቹ ወጣቶች አፍሮና ቤል ቦተም ሱሪ፣ ታኮ ጫማና አጭር ቀሚስ ለልጆቹ የታላላቅ መልክ ነበር፤ ያረጀው ቤል ቦተም በልብስ ሰፊ ጠቦ ለታናሽ ወንድም ሱሪ ይሆናል። አለባበስ የፖለቲካ ነገርም ነበረበት፦ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የፋሽን ትርዒት የተማሪዎች ተቃውሞ አስነሥቷል። ከአብዮቱ በኋላ ካኪ የሹሙ፣ ዩኒፎርም የተማሪው መልክ ሆነ። በእግር ላይ ሸራ ጫማ፣ ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ፣ ዕድለኛ ለሆነ ደግሞ ቀድሞ ዳርማር ይባል የነበረው የአንበሳ ፋብሪካ የቆዳ ጫማ ይደረጋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፤ ሰልባጅና ጂንስ በዛ፤ ቀጥሎም የፕላስቲክ መኪና በባትሪ ድንጋይ እየጮኸ ከመርካቶ ወጣ።

ልብሱና መጫወቻው የተረፉት በእኩል አይደለም። እናት ልጆቿን በበዓል ማግስት አስጊጣ ፎቶ ቤት ትወስዳለች፤ ከመጋረጃው ፊት ሰፊው ኮት፣ የታጠፈው እጅጌ፣ ነጩ ካልሲና አዲሱ ሸራ ጫማ ይታያሉ። በዚህም የዘመኑ አለባበስ በየአልበሙ ተቀምጧል፤ ከፎቶው ጀርባም ብዙ ጊዜ ቀኑ ተጽፏል። የሽቦ መኪናው ግን አቧራማ ስለሆነ ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ አይገባም፤ መሪው ግድግዳ ተደግፎ ባለቤቱ እስኪወጣ ድረስ ውጭ ይጠብቃል።