የበጎ ፈቃደኛው ጉልበት እንደ ተሸካሚ ምሰሶ
ለወጣቶች ማኅበራት የሚደረግ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት አስተቃቀድ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

በየከተማው ሰፈር በበጎ ፈቃደኞች መሪነት የሚንቀሳቀሱ የወጣቶች ማኅበራትና ክበባት ጥቂት አይደሉም። አንዱ የንባብ ቤት ከፍቶ ለተማሪዎች መጻሕፍት ያውሳል፤ ሌላው የሰፈሩን የኳስ ቡድን ያሠለጥናል፤ ሦስተኛው ሙዚቃና ቲያትር ያስተምራል። እነዚህን ማኅበራት የሚመሩት ሰዎች ቀን በመምህርነት፣ በነርስነት፣ በሒሳብ ሠራተኛነት ወይም በመሐንዲስነት ውለው፣ የማታውንና የዕረፍት ቀኑን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚሰጡ ናቸው።

ማኅበሩ ገንዘብ ሲያጥረው ዘወትር የሚታሰበው መላ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ነው። የራት ግብዣ፣ የሙዚቃ ምሽት፣ ባዛር ወይም የእግር ጉዞ ይታሰባል፤ ኮሚቴም ይቋቋማል። በስብሰባው ላይ የሚነሣው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ምን ያህል ገንዘብ ይገኛል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ እርሱም «ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ከአዘጋጆቹ ስንቱ በሥራው ላይ ይገኛል?» የሚል ነው። አንድ ድልድይ የሚችለው ሸክም የሚወሰነው በመከታው ውበት ሳይሆን በደካማው አካሉ አቅም መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። በወጣቶች ማኅበር ውስጥ ይህ አካል የበጎ ፈቃደኛው ጊዜና ጉልበት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ መነደፍ ያለበት በዚያ አቅም ልክ ነው።

የሸክሙ ስሌት

ለስሌት ያህል ብቻ አንድ የራት ምሽት ይታሰብ። የመግቢያ ካርዱ ዋጋ 500 ብር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ምግብና መጠጥ 250 ብር ይወጣል። ለአዳራሽ፣ ለድምፅ መሣሪያና ለጄኔሬተር ኪራይ፣ እንዲሁም ለጌጥ፣ እንግዳው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ 60,000 ብር ይከፈላል። ከአንድ እንግዳ የሚተርፈው 250 ብር በመሆኑ፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 240 ሰዎች መገኘት አለባቸው። 300 ሰዎች ቢመጡ የተሰበሰበው 150,000 ብር ተብሎ በጭብጨባ ይነገራል፤ ለማኅበሩ የሚቀረው ግን 15,000 ብር ነው።

አሁን ደግሞ አዳራሹ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሆኖ በውሰት ቢገኝ፣ ጌጡንም ወጣቶቹ ራሳቸው ቢሠሩትና የማይለወጠው ወጪ ወደ 20,000 ብር ቢወርድ፣ ወጪውን ለመመለስ 80 ሰዎች ይበቃሉ። ያው 300 እንግዳ ቢመጣ ለማኅበሩ 55,000 ብር ይተርፈዋል። የካርዱ ዋጋ አልጨመረም፤ እንግዳውም አልበዛም። ልዩነቱ የመጣው የማይለወጠው ወጪ በመቀነሱ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ግን ገና ያልተቆጠረ ወጪ አለ። ሃያ በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው 30 ሰዓት ቢሠሩ 600 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ስሌት የአንድ ሰዓት ድካም ያስገኘው 25 ብር ሲሆን፣ በሁለተኛው ወደ 92 ብር ይጠጋል። 25 ብር ለማግኘት አንድ አሠልጣኝ አንድ ሰዓት ከልጆቹ ተለይቶ ከሆነ ማኅበሩ ማትረፉ ያጠራጥራል። አሠልጣኙ ወንበር ሲያመላልስ ሜዳው ባዶ ይሆናልና።

የጊዜው መርሐ ግብር

በ1957 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ከሬሚንግተን ራንድ ጋር ሆኖ ያዳበረው የ«ክሪቲካል ፓዝ» ዘዴ ለግንባታ ሥራ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ መለየት ለራት ግብዣም ያገለግላል። በእንዲህ ያለው ዝግጅት ወሳኙ መሥመር የሚያልፈው ለደጋፊ ድርጅቶች ከሚጻፈው ደብዳቤ ነው። የደጋፊው አርማ በካርዱና በማስታወቂያው ላይ መውጣት ስላለበት፣ ምላሽ ሳይገኝ ኅትመት አይጀመርም፤ ኅትመት ሳያልቅም ሽያጭ የለም። ጌጡና የሙዚቃው ዝርዝር ቢዘገዩ ቀኑን አያዛንፉም። ይሁን እንጂ ኮሚቴዎች ብዙውን ሰዓት የሚያጠፉት በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ነው።

ቀኑን ለመምረጥም የአገሩን የዘመን አቆጣጠር ማየት ያሻል። በክረምት ዝናብ አለ። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ አዳራሹም፣ ድንኳኑም፣ እንግዳውም ቀድሞ ተይዟል። ከፋሲካ በኋላም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የራት ግብዣ ማሰብ አይመችም። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ በየጊዜው መታየት ይገባዋል። በዓመቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ በፈተና ተይዘዋል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ስለሚገባ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ያለው ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጣሉ።

ዝግጅቱ ለጥቅምት ከታሰበ ውሳኔው በሚያዝያ መሰጠት አለበት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ብዙ ድርጅቶችም ሒሳባቸውን የሚያቅዱት በዚሁ ነው። የድጋፍ ደብዳቤው በግንቦት የደረሰ እንደ ሆነ በዕቅድ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አለው፤ በመስከረም የደረሰ ግን ልመና ሆኖ ይቀራል። ሐምሌ ለክትትል፣ ነሐሴ ለኅትመት፣ መስከረም ለሽያጭ ይውላል። የሚያስፈልገውን ፈቃድ መጠየቅም ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ሥራ አይደለም፤ በተለይ ቶምቦላ ለማውጣት የታሰበ እንደ ሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው።

የሥራው ክፍፍል

የዝግጅቱ ኮሚቴ ከወጣቶቹ ዕለታዊ መሪዎች መካከል ብቻ መመረጥ የለበትም። ወላጆች፣ የቀድሞ የክበቡ ልጆችና የሙያ ሰዎች ተጠርተው ዝግጅቱን ቢሸከሙ፣ የዘወትሩ ሥራ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ሰው መነሻውና መድረሻው የታወቀ አንድ ሥራ መስጠት፣ ለዚያም ሥራ ምትክ ሰው አስቀድሞ መሰየም ያስፈልጋል። «ሁላችንም እንተባበራለን» የሚል ውሳኔ በመጨረሻው ሳምንት ሥራውን ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች ትከሻ ላይ ይጥለዋል። እነዚህ ሰዎች ከዝግጅቱ በኋላ ሳይከራከሩና ሳይከስሱ ቀስ ብለው ይርቃሉ፤ ማኅበሩም የከፈለውን ዋጋ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ወጣቶቹም ድርሻ አላቸው። እንግዳ ይቀበሉ፣ መድረክ ይምሩ፣ የሠሩትን ያሳዩ። ነገር ግን ካርድ ይዘው ብቻቸውን ገንዘብ ለመሰብሰብ በየመንገዱ ሊላኩ አይገባም። ከሁሉ በላይ የአንድን ልጅ ችግር በመድረክ ላይ በስሙ እያነበቡ ኪስ ማስፈታት ከዓላማው ጋር የሚጋጭ ተግባር ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ልጁ ቀና ብሎ እንዲሄድ ነውና።

የገንዘቡ አያያዝ

የእድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ የሚመረጡበት ልማድ በዚህ ረገድ ጥሩ መምህር ነው። ካርዶች ሁሉ ተራ ቁጥር ይኑራቸው፤ የወሰደ ይፈርም፤ ያልተሸጠው ይመለስ፤ ያልተመለሰው እንደ ተሸጠ ይቆጠር። በዝግጅቱ ሌሊት ገንዘቡን ሦስት ሰዎች ይቍጠሩ፤ በማግስቱም ባንክ ይግባ። ገቢውና ወጪው በአንድ ወር ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ የሚመለከተው የድርጅቱን ጠቅላላ ሒሳብ ቢሆንም፣ 500 ብር የከፈለ እንግዳ ከብሩ ምን ያህሉ ለልጆቹ እንደ ደረሰ የማወቅ መብቱ የዚሁ መንፈስ አካል ነው።

ከአንድ ምሽት በኋላ

ከትልልቆቹ ዝግጅቶች የሚቀሰም ትምህርት አለ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በለንደንና በፊላደልፊያ ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች የተደረገው የ«ላይቭ ኤድ» የሙዚቃ ዝግጅት የአንድ ቀን ነበር፤ ገንዘቡን የማስተዳደሩ ሥራ ግን ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ10,000 ተሳታፊዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኋላ ከ40,000 በላይ ሰዎች የሚሮጡበት ሆኗል። ለዚህ ያበቃው የጥቂት ባለጸጎች ትልቅ ስጦታ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች መጠነኛ የመመዝገቢያ ክፍያ እየከፈሉ በየዓመቱ መመለሳቸው ነው።

ትንሹም ማኅበር ይህን ሊያደርግ ይችላል። ቀድሞ ከተነገሩት 300 እንግዶች መካከል 60ዎቹ በዚያው ምሽት በወር 100 ብር ለመክፈል ቢመዘገቡ፣ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህም ከራቱ ከራሱ ከተረፈው 55,000 ብር ይበልጣል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወንበር ማመላለስ ሳያስፈልግ ይቀጥላል። ስለዚህ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ዋና ዕቃው የመመዝገቢያው ቅጽና እስክሪብቶው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

የሙያ ባልደረቦች በእነዚህ ማኅበራት ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ገዝተው ይመለሳሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመሐንዲስ የሚገኘው ትንሹ ነገር ነው። የማይለወጠውን ወጪ ከሚለወጠው ለይቶ የሚያሰላ፣ ወሳኙን መሥመር በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር፣ «ይህ ምሽት ከአቅም በላይ ነው፤ ይነስ» ብሎ በሚያዝያ የሚናገር ሰው ለኮሚቴው ከብዙ ካርድ ይበልጥበታል። በግንባታ ቦታ ከአቅም በላይ የተጫነ ምሰሶ መሰነጣጠቁ በዓይን ይታያል። የበጎ ፈቃደኛው ድካም ግን በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ቅዳሜ ጠዋት የንባብ ቤቱ በር ሳይከፈት ሲቀር ነው። ያ በር ተከፍቶ እንዲቀጥል አስቀድሞ ማስላት ከዚህ ሙያ ባለቤቶች የሚጠበቅ አገልግሎት ነው።