የኮምፒዩተር ጨዋታ ፋይሎች የሚገኙበት ስፍራና የብልሽት ሪፖርት አዘገጃጀት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኮምፒዩተር ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጉዳይ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙን አስከትሎ መጥቶ «ማይንክራፍት አልከፍት አለኝ» ቢል፣ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ነገሩን በቀላሉ ይመለከተዋል። ጨዋታ ነዋ! ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል፤ ጨዋታውም እንደገና ይጫናል፤ ልጁም ደስ ብሎት ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። ባለሙያው ጠንቃቃ ከሆነ ዲስኩን ፎርማት ከማድረጉ በፊት ዴስክቶፕና ዶኪውመንትስ የተባሉትን ፎልደሮች፣ ፎቶግራፎቹንም ጭምር ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ልጁ ቤቱ ገብቶ ጨዋታውን ሲከፍት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ የሠራው ከተማ በስፍራው የለም። ከተማው ከተገለበጡት ፎልደሮች በአንዱም ውስጥ አልነበረምና።

ማኅደር የጠፋበት መዝገብ ቤት ምን እንደሚመስል በመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ማኅደሩ አልተቃጠለም፤ የተቀመጠበት መደርደሪያ ብቻ አልታወቀም። በኮምፒዩተር ላይ ግን መደርደሪያው ሳይታወቅ ቤቱን በሙሉ መጥረግ ይቻላልና ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል። ስለዚህ የጨዋታ ፋይል የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ለሁለት ጉዳይ ያገለግላል፤ ይኸውም አንደኛው የተጫዋቹን ሥራ ለማዳን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለጨዋታው ሠሪዎች ማስረጃ ያለው ሪፖርት ለመላክ ነው። (ከዚህ በታች የፋይሎችና የፎልደሮች ስም የተጻፈው ሲነበብ በሚሰማው ድምፅ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታዩት ግን በላቲን ፊደል ነው።)

ነገሩ ቀድሞ እንዲህ የተወሳሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 የወጣው ዱም የተባለው ጨዋታ በዶስ ሥር ሲሠራ፣ ፕሮግራሙም፣ ሥዕሉና ድምፁ የታጨቀበት ዋድ የተባለው ፋይልም፣ የተጫዋቹ ምርጫ የሚመዘገብበት ዲፎልት ነጥብ ሲኤፍጂም፣ ተጫዋቹ ያስቀመጣቸው ጨዋታዎችም ባንድ ፎልደር ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ያንን አንድ ፎልደር የገለበጠ ሁሉን ገለበጠ፤ የሰረዘም ሁሉን ሰረዘ። ይህ አሠራር አንድ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ብቻ በነበረበት ዘመን ይበቃ ነበር። አንዱን ኮምፒዩተር አባትም ልጅም የሚጠቀሙበት፣ ከኢንተርኔትም የተገናኘ በሆነ ጊዜ ግን ማንኛውም ፕሮግራም በፈለገው ስፍራ ይጻፍ ማለት ቫይረስም በፈለገው ስፍራ ይጻፍ ማለት ሆነ።

በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ሁለቱን ነገሮች በግድ ለያያቸው። የፕሮግራሙ አካል ፕሮግራም ፋይልስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ተራ ተጠቃሚም ሆነ ተጠቃሚው ያስነሣው ጨዋታ እዚያ ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። የሰውየው የግል ነገር ደግሞ በስሙ በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ሕግ የማያውቁት የቆዩ ጨዋታዎች እንዳይሰናከሉም አንድ ዘዴ ተፈጠረላቸው። የቆየው ጨዋታ በለመደው ስፍራ የጻፈ ሲመስለው፣ ዊንዶውስ ጽሑፉን ቨርቹዋልስቶር ወደተባለ ሌላ ፎልደር ዘወር ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ አንድ የቆየ ጨዋታ ያስቀመጠውን ነገር በገዛ ፎልደሩ ውስጥ ፈልጎ ያጣ ባለሙያ፣ ጨዋታው ሲከፈት ያው ነገር ደኅና ሆኖ ሲያገኘው ቢደነቅ አይፈረድበትም።

የግል ፋይሎች የሚሰበሰቡበት ዋናው ስፍራ አፕዳታ ይባላል። ዊንዶውስ ይህን ፎልደር ደብቆ ያስቀምጠዋልና በተራ አካሄድ ለሚፈልገው ሰው አይታይም። በጥገና ቤት የሚገለበጡት ፎልደሮች ሁልጊዜ እነዚያው ሁለትና ሦስቱ የሚሆኑትም ስለዚህ ነው፤ የማይታየውን የሚያስታውሰው የለም። ለመግባት ግን አስቸጋሪ አይደለም። የዊንዶውስን ቁልፍና አር የተባለችውን ፊደል አብሮ መጫን፣ ከዚያም በሚከፈተው ትንሽ ሣጥን ውስጥ የፐርሰንት ምልክት፣ አፕዳታ የሚለውን ቃል፣ እንደገናም የፐርሰንት ምልክት ጽፎ ኢንተርን መምታት ይበቃል። በውስጡ ሎካል፣ ሎካልሎውና ሮሚንግ የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ ከላይ የተመለከተው አጻጻፍ የሚያደርሰው ወደ ሮሚንግ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ላይ መመለስ ያሻል። ሮሚንግ የተፈጠረው በመሥሪያ ቤት መረብ ላይ ሠራተኛው ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ዕቃው እንዲከተለው ታስቦ ነበር። የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ዓላማ አጥብቀው የያዙት አይመስልም፤ እያንዳንዱ የወደደውን ክፍል መርጧል። አንዳንዶቹም ጭራሽ ከአፕዳታ ወጥተው በዶኪውመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ የሚል ፎልደር ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ዋንድራይቭ የተባለው አገልግሎት ዶኪውመንትስን ወደ ራሱ ፎልደር አዛውሮት እንደሆነ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ልዩነት ሥርዓት የሌለው ቢመስልም፣ ጨዋታው በምን ሞተር እንደተሠራ ካወቁ ስፍራውን መገመት ይቻላል። በዩኒቲ የተሠራ ጨዋታ መዝገቡን በሎካልሎው ውስጥ፣ በኩባንያው ስም፣ ከዚያም በጨዋታው ስም ሥር ፕሌየር ነጥብ ሎግ ብሎ ያኖረዋል። በአንሪል የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በሎካል ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ከፍቶ፣ ሴቭድ በሚለው ሥር መዝገቡን፣ የብልሽት ሰነዱንና የተቀመጠውን ጨዋታ ለየብቻ ያስቀምጣል። ጨዋታው የተገዛው ከስቲም ከሆነ፣ የፕሮግራሙን አካል ለማግኘት በስሙ ላይ በቀኝ አዝራር ተጭኖ የአካባቢ ፋይሎችን ማሰስ የሚለውን መምረጥ ነው፤ የፕሮግራሙ ፋይሎች ጉድለት ካላቸውም ስቲም ራሱ አጣርቶ የጎደለውን ይተካል። በማክ ላይብረሪ የተባለውን ፎልደር፣ በሊነክስ ደግሞ በነጥብ የሚጀምሩትን የተደበቁ ፎልደሮች መፈለግ ነው። በስልክ የሚጫወተው ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የአንዱን ፕሮግራም ዕቃ ሌላው እንዳያይ ስለተከለከለ፣ ጨዋታው ራሱ ሪፖርት መላኪያ ከሌለው የሚደረገው ጥቂት ነው።

ወደ ልጁ ጉዳይ እንመለስ። ማይንክራፍት ሁለት ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ነው የሚለው ነው፤ ቤድሮክ የተባለው ዓይነት ዕቃውን የሚያስቀምጠው በሌላ ስፍራ ነው። ጃቫ የተባለው ዓይነት በዊንዶውስ ላይ በሮሚንግ ውስጥ፣ ነጥብ ቀድሞት ማይንክራፍት በተባለ ፎልደር ይኖራል። በውስጡ ሴቭስ የሚለው ልጁ የሠራቸውን ዓለማት ይይዛል፤ ሎግስ የሚለው የየዕለቱን መዝገብ፣ ክራሽ ሪፖርትስ የሚለውም ጨዋታው በተሰበረ ቁጥር የሚጻፈውን ሰነድ ይይዛል። ጨዋታው የሚከፈት ከሆነ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድም አያስፈልግም፤ ከዓለማቱ ዝርዝር አንዱን መርጦ ኤዲት ቢሉት የዚያን ዓለም ፎልደር የሚከፍትና ቅጂ የሚያዘጋጅ አዝራር ያቀርባል።

የአንዱ ዓለም ፎልደር ሲታይ ሌቭል ነጥብ ዳት የተባለ ትንሽ ፋይልና ሪጅን የተባለ ትልቅ ፎልደር ይገኛሉ። ድንጋዩና ቤቱ ያለው በሪጅን ውስጥ ነው፤ ትንሹ ፋይል የዓለሙን ስምና ጠቅላላ ሁኔታ ብቻ ይይዛል። መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ይህም በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ጨዋታው በመጻፍ ላይ ሳለ ከተቋረጠ ይህ ትንሽ ፋይል ሊበላሽና ዓለሙ ከዝርዝሩ ሊጠፋ ወይም አልከፈት ሊል ይችላል። ልጁም ሁሉ ነገር እንደጠፋ ያምናል። ሆኖም ከአጠገቡ ሌቭል ነጥብ ዳት ኦልድ የሚባል የቀድሞው ቅጂ አለ። መላውን ፎልደር አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ፣ ከዚያ የተበላሸውን ስም ቀይሮ፣ የቀድሞውን በእርሱ ስም መሰየም ብዙ ጊዜ ዓለሙን ይመልሰዋል። ግልበጣው ግን ጨዋታው ከተዘጋ በኋላ መሆን አለበት፤ ተከፍቶ ሳለ የተወሰደ ቅጂ ከፊሉ የቀድሞ፣ ከፊሉ የአሁን ይሆናል።

ማስረጃ ስለሚባለው ነገር ደግሞ ጥቂት ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት በተባለው ማሽን ውስጥ አንድ የእሳት ራት ተገኝታ፣ የማሽኑ ሠራተኞች በዕለታዊ መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏት። እንግሊዞችና አሜሪካውያን የማሽን ጉድለትን በነፍሳት ስም መጥራት የጀመሩት ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ ቀልዱ የገባቸው ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ያ መዝገብ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። የሠራተኞቹ ብልኅነት የሚታየው ግን ከቀልዱ ይልቅ የተገኘውን ነገር ቀንና ሰዓት ከተጻፈበት ገጽ ጋር አያይዘው ማስቀመጣቸው ላይ ነው። የዛሬው ሎግ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሎግ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ዩኒቲ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር አዲስ መዝገብ ይጀምራል፤ ያለፈውን በሌላ ስም ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ይጠፋል። ስለዚህ ጨዋታው ተሰብሮበት «እስቲ እንደገና ልሞክር» እያለ ሦስት ጊዜ የከፈተ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቷል። ማይንክራፍት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የቆዩትን በየቀናቸው ጨምቆ ያኖራቸዋል። ሎጉ ከተገኘ በኋላም ብዙዎች የመጨረሻውን መስመር ብቻ ገልብጠው ይልካሉ። የመጨረሻው መስመር አዘውትሮ የሚናገረው ሰውየው የወደቀበትን ስፍራ እንጂ ያደናቀፈውን ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋዩ የመጀመሪያው ስህተት ከተመዘገበበት መስመር አካባቢ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሳይቆረጥ መላክ አለበት።

ለኢትዮጵያዊ ሪፖርት አቅራቢ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ተጫዋቹ «ትናንት ማታ በ2 ሰዓት ተሰበረ» ሲል ኮምፒዩተሩ የመዘገበው 20 ሰዓት ብሎ ነው፤ መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ 17 ሰዓት ይላል። በውጭ አገር ያለው ፕሮግራም ሠሪ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ያለውን መስመር ሲፈልግ ቢውል ምንም አያገኝም። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ወደ አውሮፓው ተመልሶ መቅረብ አለበት። በዩኒቲ መዝገብ ላይ እንደተለመደው ሰዓት ስለማይኖር፣ ፋይሉ መጨረሻ የተጻፈበትን ሰዓት መመልከት ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ከሰዓቱ ይልቅ የተሰወረ ነው። አንድ ሰው ዊንዶውስን ሲጭን ስሙን በግዕዝ ፊደል ካስገባ፣ የግል ፎልደሩም በዚያው ፊደል ሊሰየም ይችላል። ይህ ተገቢ መብቱ ነው፤ ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ብዙ የቆዩ ጨዋታዎችና አንዳንድ አዳዲሶችም የፋይል አድራሻን የሚያነቡት ከዩኒኮድ በፊት በነበረው የኮድ ገጽ አሠራር ነው፤ ለግዕዝ ፊደል ደግሞ ዊንዶውስ እንዲህ ያለ የኮድ ገጽ የለውም። ስለዚህ ስሙ በጥያቄ ምልክቶች ይተካል፤ ጨዋታውም በጥያቄ ምልክት የተሰየመ ፎልደር ፈልጎ ያጣና ይዘጋል። መዝገብ የሚጽፍበት ስፍራም ስላላገኘ ሎግ አይተውም። ሎግ መኖር በሚገባው ስፍራ አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በቅንብሩ ውስጥ የሚታየውን ስም መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም፤ ፈጣኑ መፈተሻ በላቲን ፊደል ሁለተኛ የተጠቃሚ ስም ከፍቶ ጨዋታውን ከዚያ ማስነሣት ነው። ከተከፈተ ምክንያቱ ታወቀ፤ ሪፖርቱም ይህንኑ በግልጽ ማመልከት አለበት፤ አለበለዚያ በውጭ አገር ያለው ሠሪ እንዲህ ያለ ችግር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፋይሉን ከመላክ በፊት አንድ ጊዜ ማንበብም ይገባል። የፋይል አድራሻ የተጻፈበት መስመር ሁሉ የባለቤቱን የተጠቃሚ ስም ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንድ መዝገብም የመግቢያ ቁልፍ የሚሆን ረጅም ቁጥር ይይዛል። ይህን በኮከብ ምልክት መሸፈን ሪፖርቱን አይጎዳውም። ለሪፖርቱ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር አጭር ነው፤ የጨዋታው ቁጥር፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት፣ ከውጭ የተጨመሩ ሞድ የሚባሉ ነገሮች ካሉ ዝርዝራቸው፣ ተጫዋቹ ምን አድርጎ ምን ጠብቆ ምን እንዳየ።

ዲስኩ አስቀድሞ ፎርማት ተደርጎ የመጣ እንደሆነስ? ፎርማቱ ፈጣን የሚባለው ዓይነት ከሆነና ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ፣ አዲስ ነገር ያልተጻፈበት ክፍል በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ሊነበብ ይችላል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ አጥፍቶ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር መመርመር ነው። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ባዶ የሆነውን ስፍራ ለዲስኩ ስለሚያስታውቀውና ዲስኩም ራሱ ስለሚያጸዳው፣ ከተማውን መልሶ የማግኘት ተስፋ እጅግ ጠባብ ነው፤ ይህንንም ለልጁ በግልጽ መንገር የባለሙያው ፈንታ ይሆናል።