ቫልቭ በር ነው እንጂ ሚዛን አይደለም
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ውሃ መቆጣጠሪያዎች አመራረጥና አያያዝ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ከእነዚህ ጎን ሲቆም ትንሽ ሊመስል ይችላል። ርዕሱ በቧንቧ መስመር ላይ ስለሚገጠመው ጌት ቫልቭና በመስኖ ቦይ ላይ ስለሚቆመው የብረት በር ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ወራት የራስጌውንና የግርጌውን ገበሬ የሚያጣላው ሁልጊዜ የምንጩ ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለውን ውሃ በትክክል መክፈትና መዝጋት አለመቻላችን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የብረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአባላት መብት ጉዳይ መሆኑን አስቀድሜ ላስገነዝብ እወዳለሁ።

የመሬታችን አቀማመጥና የውሃ ግፊት

እንደሚታወቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው የጣርማበርና የአንኮበር ገደል አለ። በደብረ ብርሃን በኩል በሬሳ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከአንኮበር ገደል በምሥራቅ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ግን ፊታቸው ወደ አዋሽ ነው።

ይህ ተዳፋት ለእኛ ጸጋ ነው። ምንጩ ከላይ፣ ማሳው ከታች ስለሆነ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ ውሃን በራሱ ክብደት ማውረድ ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዘረጋው ቧንቧ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ያስገቡት በዚሁ ዘዴ ነበር። ውሃው ከእንጦጦ ወርዶ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ መልሶ የወጣው ከላይ ያለው ውሃ ስለገፋው ነው።

ጸጋው ግን ሸክምም አለው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይጨመራል። 100 ሜትር ቁልቁል በወረደ መስመር ጫፍ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቫልቭ ብንዘጋ፣ ከመዳፋችን ብዙ በማትሰፋው የቫልቭ መዝጊያ ላይ 8 ኩንታል የሚያህል ጫና ያርፋል። ስለዚህ በሜዳ አገር ለዓመታት የሚያገለግል ቫልቭ በእኛ ገደል ላይ በአጭር ጊዜ ቢሰበር ሊያስገርመን አይገባም።

ጌት ቫልቭ እንዴት ይሠራል?

ስሙ እንደሚያመለክተው ጌት ማለት በር ማለት ነው። በቫልቩ ሆድ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ወደ ታች የሚቀጥን መዝጊያ አለ። መዘውሩን ስናዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ሽብልቁን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ከፍ ሲል መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ውሃው ያለ እንቅፋት ያልፋል። ዝቅ ሲል ሽብልቁ በሁለቱ ጎኖቹ ከመቀመጫው ጋር ይገጥማል።

ይህን ባለ ሁለት ፊት ሽብልቅ እ.ኤ.አ. በ1839 ለከተማ ውሃ መስመር የነደፈው በእንፋሎት መዶሻው የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚዝ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መዝጊያዎች በአንድ ፊት ብቻ የሚገጥሙ ስለነበሩ ውሃው ከሌላው ወገን ሲገፋቸው ከመቀመጫቸው ይላቀቁ ነበር። ሽብልቁ ግን እንጨት እንደሚፈልጠው ሽብልቅ ወደ ታች በተገፋ ቁጥር በሁለቱም ወገን ይጠብቃል። ዛሬም የምንጠቀምበት ቫልቭ መሠረቱ ይኸው ነው።

ግማሽ መክፈት ግማሽ ውሃ አይሰጥም

የንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጌት ቫልቭ የተሠራው ወይ ሙሉ በሙሉ ሊከፈት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ነው። በር ነው እንጂ ሚዛን አይደለም።

ሁለት ጎጦች አንድ መስመር ሲጋሩ አንዱን ቫልቭ ግማሽ ከፍተን፣ ግማሽ ውሃ ሰጠን ብለን እንሄዳለን። ይህ ስሕተት ነው። በረጅም መስመር ላይ ሽብልቁ ግማሽ ቢወርድ የሚያልፈው ውሃ ከግማሽ እጅግ ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ዓይን የሚገባ አይደለም። ውሃው በእርግጥ መቀነስ የሚጀምረው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዙሮች ነው። ስለዚህ በመዘውር ዙር ተቆጥሮ የተከፈለ ውሃ እኩል የተከፈለ ቢመስልም እኩል አይደለም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በጠባብ ክፍተት የሚያልፍ ውሃ በኃይል ይወነጨፋል። በክረምት ከገደሉ የሚወርደው ውሃ አሸዋ ስለሚይዝ የሽብልቁንና የመቀመጫውን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሽብልቁም ይንቀጠቀጣል። ጠርዙ የተበላ ቫልቭ ደግሞ እንዝጋው ብንል አይዘጋም።

የማይዘጋ ቫልቭ ምን ያህል ያስከፍላል? በሴኮንድ 1 ሊትር የሚያፈስ ቫልቭ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 43,200 ሊትር ያወጣል። አንድ የሽንኩርት ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ገደማ፣ የሚያስፈልገው 12,500 ሊትር ነው። እንግዲህ በማሳ ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር የአንድ ሌሊት ፍሳሽ ከሦስት ጥማድ በላይ የአንድ ቀን ድርሻ ይዞ ይሄዳል። ይህ ድርሻ የግርጌው አባል ድርሻ ነው። የራስጌው ሰው ሌባ ሳይሆን የግርጌው ሰው ተሰርቋል።

ታዲያ ውሃ በምን ይከፈል?

በእኔ እምነት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የውሃ አባቶቻችን የሚያውቁት ተራ ነው። ተራው የደረሰው ሙሉ ይከፍታል፤ ሲጨርስ ሙሉ ይዘጋል። በዚህ አሠራር ጌት ቫልቭ ቦታውን አግኝቷል።

ሁለተኛው የማከፋፈያ ሳጥን ነው። ውሃው ወደ አንድ የግንብ ሳጥን ይገባል። ከሳጥኑ የሚወጣው አፋቸው በአንድ ልክ ከፍታ ላይ በተሠሩ መውጫዎች ላይ ፈስሶ በነጻ ሲወድቅ ነው። 30 አባላት ላሉት ጎጥ 30 ሳንቲ ሜትር፣ 20 አባላት ላሉት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መውጫ ቢሰጥ ውሃው በስፋቱ መጠን ይከፈላል። ምንጩ ሲቀንስ የሁሉም በየድርሻው ይቀንሳል። ክፍፍሉ በግልጽ ስለሚታይ አባሉ በዓይኑ ይፈርዳል። ሳጥኑ ክፍት ስለሆነ የቧንቧውን ግፊትም ያበርዳል። ይህ ሳጥን ሚዛናችን ነው፤ ቫልቩ ደግሞ በራችን ይሁን።

በቧንቧ መስመር ላይ የግድ ውሃ መቀነስ ሲያስፈልግ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት ቫልቭ አለ። ግሎብ ቫልቭ ከእነዚህ አንዱ ነው። ባለሙያ አማክሮ መግዛት ይገባል።

በግዢ ጊዜ ምን እንጠይቅ?

ጌት ቫልቭ ከናስሚዝ ዘመን ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ማሻሻያዎቹን ማወቅ ለገዢው ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሽብልቁ ጎማ የለበሰ ይሁን። በቀድሞው አሠራር ብረት ከብረት ስለሚገጥም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጠርዙን ትጭረዋለች። ጎማ የለበሰው ግን ቅንጣቷን ዋጥ አድርጎ ይገጥማል። ከዚህም በላይ የቀድሞው ቫልቭ ከታች ሽብልቁ የሚገባበት ጎድጓዳ አለው፤ ደለልና ጠጠር እዚያ ይሞላና አያስዘጋም። የአዲሱ ወለል ግን እንደ ቧንቧው ለስላሳ ነው። ለእኛ ደለላማ ወንዞች ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛ፣ ዘንጉ የማይዝግ ብረት፣ ዘንጉ የሚዞርበት ለውዝ ደግሞ ነሐስ ይሁን። ተራ ብረት ከተራ ብረት ጋር ዝጎ ሲጣበቅ ሰው በመዘውሩ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት ያዞረዋል። ዘንጉ የሚሰበረው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚችለው ግፊት በገላው ላይ የተጻፈ ይሁን። 10 ተብሎ የተጻፈበት 10 ባር፣ ማለትም 100 ሜትር ያህል የውሃ ቁልቁለት፣ 16 የተባለው ደግሞ 160 ሜትር ያህል ይችላል። ከግዢ በፊት የመስመሩ ቁልቁለት መለካት አለበት።

አራተኛ፣ በዘንጉ አንገት ላይ ያለው ማሸጊያ ቫልቩ ሳይነቀል የሚለወጥ ይሁን። የአንገት ነጠብጣብ በጥቂት ብር ጎማ የሚቆም ሆኖ ሳለ ሙሉ ቫልቭ ሲያስጥል ይታያል።

አምስተኛ፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ወደ ቀኝ ሲዞር የሚዘጋ አለ፤ ወደ ግራ ሲዞር የሚዘጋም አለ። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ የተዘጋ መስሎት የተከፈተውን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

ስለ አጠቃቀምም ጥቂት ልበል። መዘውሩ በቀስታ ይዞር። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በድንገት ሲቆም ከ100 ሜትር በላይ የውሃ ከፍታ የሚያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። መስመሩ እንደ መዶሻ የሚመታውና መጋጠሚያው የሚፈታው በዚህ ነው። እስከ መጨረሻ ከተከፈተ በኋላ ሩብ ዙር መመለስ ከመጣበቅ ያድነዋል። ሥራ ፈቶ የሚቆመውም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋ። በግንብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ክዳኑ በቁልፍ ይያዝ።

የቦይ በር

በቆላው ወረዳዎቻችን፣ በቀወትም ሆነ በኤፍራታና ግድም፣ ሽንኩርትና ሌላውም የመስኖ ሰብል የሚለማው በአብዛኛው በክፍት ቦይ ነው። በዚያ የሚያስፈልገው የላሜራ በር ነው። ይህን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የከተሞቻችን ብየዳ ቤቶች ይሠሩታል። ነገር ግን ንድፉ መታረም አለበት።

60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ጀርባ 80 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲቆም ወደ 2 ኩንታል የሚጠጋ ጫና ያርፍበታል። ይህን በእጀታ ብቻ ሽቅብ መሳብ ያስቸግራል። ስለዚህ ገበሬው በዲጂኖ ይፈነቅለዋል፤ ላሜራው ይጎብጣል፤ ከዚያ ወዲህ በጭቃና በሣር መድፈን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ላሜራው በጀርባው የብረት ድጋፍ ይበየድለት። ማንሻው ጥርስ ያለው ዘንግና መዘውር ይሁን። በሁለቱ ጎኖችና በታች በኩል የጎማ ጠፍር ይታሰርበት፤ ያገለገለ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ለዚህ ይበቃል። በመጨረሻም ቁልፍ መያዣ ይኑረው፤ ቁልፉም በውሃ አባቱ እጅ ይሁን።

ከዩኒየኑና ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

አንድ ማኅበር ሁለት ቫልቭ ለመግዛት ገበያ ሲወጣ የሚያገኘው ርካሹን ነው። ዩኒየናችን ግን ማዳበሪያ በጅምላ እንደሚያቀርብ ሁሉ የማኅበራቱን ፍላጎት ሰብስቦ፣ ደረጃው የታወቀ አንድ ዓይነት ቫልቭ በጅምላ ሊያቀርብ ይችላል። መለዋወጫ ጎማና ማሸጊያም በመጋዘኑ ይኑር። ከየማኅበሩ አንድ ሰው በጥገና ይሠልጥን።

የሥራ ኃላፊዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመስኖና የመጠጥ ውሃ ሥራ ርክክብ ሲደረግ እያንዳንዱ ቫልቭ በተጠቃሚው ፊት ተከፍቶና ተዘግቶ ይታይ። የመስመሩ ንድፍ፣ የቫልቮቹ ቦታና መለዋወጫቸውም አብሮ ይሰጥ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚው ተደራጅቶ መስኖውን ራሱ እንዲያስተዳድር መሠረት ጥሏል። የማይዘጋ በር የተረከበ ማኅበር ግን ምን ሊያስተዳድር ይችላል? ደንብ ቢጽፍ፣ ተራ ቢያወጣ፣ መቀጫ ቢወስን፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ደንቡን ሲጥስ ያድራል።

ክቡራትና ክቡራን፣

የእህል ሚዛናችን የተዛባ እንደሆነ አባሉ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያለው እምነት በአንድ ወቅት ይጠፋል። የውሃ በራችንም እንዲሁ ነው። በሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ማኅበር ቫልቮቹንና በሮቹን አንድ በአንድ ዘግቶ፣ የሚያፈስሰውን መዝግቦ ለዩኒየኑ ያቅርብ። የጋራ ግዢያችንም ከዚያ መዝገብ ይጀምር።